እውነት ወይስ ተረት? ፊክሲ ብስክሌትን በገዛ እጅ መሥራት

ስለ ፊክሲ ብስክሌት የሚወራው ወሬ የማያስፈራውን አስፈሪ ያደርጋል፤ የሚያስፈራውን ደግሞ ያቃልላል። ጀማሪ ሰው ብቻውን አይገጥመውም ይላሉ፤ ይገጥመዋል። ፍሬን አያስፈልገውም ይላሉ፤ ያስፈልገዋል።

ፊክሲ ማለት ፔዳሉና የኋላው ጎማ ጨርሶ የማይለያዩበት ብስክሌት ነው። በተለመደው ብስክሌት ቁልቁለት ላይ እግርን አሳርፎ መንደርደር ይቻላል፤ ጎማውን ከፔዳሉ የሚያላቅቀው ያ ቅጭልጭል የሚለው ፍሪዊል ነው። ፊክሲ ላይ ፍሪዊልም ማርሽ መቀያየሪያም የለም። ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርም ይዞራል።

«የትናንት ፋሽን ነው» የሚለውን ቶሎ እንለፈው። በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት ማርሽ መቀያየሪያ ክልክል ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ዳገት ሥር ሲደርሱ ወርደው የኋላውን ጎማ ፈትተው ይገለብጡና በሌላው ጎን ባለው ጥርስ (ካቴናው በሚዞርበት ባለጥርስ ብረት) ይወጡ ነበር። የውድድሩ መሥራች ኦንሪ ዴግራንዥ፣ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1893 ፓሪስ ላይ በአንድ ሰዓት 35.325 ኪሎ ሜትር ጋልቦ ክብረ ወሰን የያዘ ሰው፣ ማርሽ መቀያየር ዕድሜው ለገፋ ነው ባይ ነበር። እገዳው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ፊክሲን በከተማ ጎዳና ላይ ካስለመዱት መካከል የኒውዮርክ ብስክሌተኛ መልእክተኞች ይገኙበታል፤ ከእነሱ አንዱ የነበረው ኔልሰን ቬይልስ እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በስፕሪንት የብር ሜዳሊያ ወስዷል።

«ለጀማሪ ከባድ ነው» የሚለውም ተረት ነው። ብስክሌት ሲገጣጠም ጀማሪን የሚያንገላታው ማርሹን ማስተካከል ነው፤ ገመዱ፣ ሞላው፣ ጥቃቅን ብሎኖቹ። ፊክሲ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ቴላዮ፣ ፎርኬላ፣ መሪ፣ ኮርቻ፣ ሁለት ጎማ፣ ፔዳል፣ ጥርሶች፣ ካቴናና የፊት ፍሬን፣ አለቀ። ጎማዎቹን ግን ራጂያቸው ተወጥሮ ያለቀላቸውን ይግዙ፤ ራጂ መወጠር ራሱን የቻለ ሙያ ስለሆነ በኋላ ይደረስበታል።

«ማንኛውም አሮጌ ብስክሌት ይሆናል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው፤ ገንዘብ የሚያስበላውም ይኸው ግማሽ እውነት ነው። ማርሽ ባለው ብስክሌት ካቴናውን ወጥሮ የሚይዘው የኋላው መቀያየሪያ ነው። እሱ ከተነሣ ካቴናው የሚወጠረው ጎማውን ወደ ኋላ በመሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ አሮጌ ብስክሌት ሊገዙ ሲሄዱ ቀለሙን ትተው የኋላው አክሰል የሚገባበትን የቴላዮ ስንጥቅ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። ስንጥቁ በአግድም የተኛ ከሆነ ጎማው ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል፤ ጥሩ ነው። ቁልቁል የቆመ ከሆነ አክሰሉ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይቀመጣል፣ ካቴናውም ይላላል፤ ይለፉት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተሠሩ የብረት የጎዳና ብስክሌቶች በብዛት የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። በሁለቱ ጎን ስንጥቆች መካከል ያለውንም ስፋት በሜትር ይለኩ። የፊክሲ የኋላ ጎማ አክሰሉ ላይ የሚይዘው ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 120 ሚሊ ሜትር ነው፤ አሮጌ ቴላዮዎች 120 ወይም 126፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ 130 ናቸው። የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት አክሰሉ ላይ በሚገባ ሮንዴላ ይሞላል። የአሉሚኒየም ቴላዮን አጥብቦ ለማጠፍ መሞከር ግን ቴላዮውን መስበር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ተረት እንምጣ፤ «ጥርሱን በነበረው ጎማ ላይ ጠምዝዘህ በሙጫ አጣብቀው» የሚለው። ይህ ምክር ሰው ይጎዳል።

የኋላው ጎማ መሃል ላይ፣ ራጂዎቹ የሚሰካኩበትን ሞዞ ከጎን ሆነው ይዩት። እውነተኛ የፊክሲ ሞዞ ሁለት ደረጃ ያለው ጥርብ (የመጠምዘዣ መስመር) አለው፤ ወደ ውስጥ በኩል ሰፋ ያለው፣ ከእሱ ውጭ ደግሞ ጠበብ ያለው። ሰፊው ላይ ጥርሱ ይጠመዘዛል፣ ጠባቡ ላይ ቀጭን የማጥበቂያ ቀለበት ይገባል። የነገሩ ምስጢር ቀለበቱ በግራ የሚጠብቅ መሆኑ ነው። ወደፊት ሲነዱ ጥርሱ ራሱን በራሱ ያጠብቃል። ለመቆም እግርዎን ወደኋላ ሲገቱ ደግሞ ጥርሱ ሊፈታ ይሞክራል፤ ነገር ግን ለመፍታት ሲዞር የሚያገኘው በዚያው አቅጣጫ የሚጠብቅ ቀለበት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ይቆላለፋሉ። የፍሪዊል ሞዞ ደረጃ የለውም፤ አንድ ወጥ የቀኝ ጥርብ ብቻ ነው። እዚያ ላይ የተጠመዘዘ ጥርስ ሙጫ ተቀባም አልተቀባም፣ እንደ እሱው በቀኝ የሚጠብቅ ቀለበት ተጨመረለትም አልተጨመረለትም፣ አንድ ቀን በእግር ሲገታ ይፈታል። የሚፈታው ደግሞ ቤት ቆሞ ሳለ አይደለም፤ መኪና ፊት ለመቆም በሙሉ ኃይል በተገታበት ቅጽበት ነው።

ገበያ ላይ ያሉ ብዙ ጎማዎች በአንድ ጎን የፊክሲ፣ በሌላው ጎን የፍሪዊል ጥርብ አላቸው። ስለዚህ «የፊክሲ ጎማ ነው» መባሉ አይበቃም፤ ጥርሱ የገባው ደረጃ ባለው ጎን መሆኑን በዓይን ያረጋግጡ። ጥርቡ ላይ የሚቀባው ግራሶ እንጂ ሙጫ አይደለም። ለዚህ ሥራ ሁለት ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ጥርሱን ለማጥበቅ በእጀታ ጫፍ ላይ ቁራጭ ካቴና ያለው፣ ለቀለበቱ ደግሞ መንጠቆ ያለው ቁልፍ። በመዶሻና በሹል ብረት እየደበደቡ ቀለበት የሚያጠብቁ አሉ፤ ለሁለት ቁልፍ ዋጋ ብዬ የማልመክረው ነው።

«እግር ራሱ ፍሬን ነው» ለሚሉት መልሱ የፊዚክስ ነው። ብስክሌት ሲገታ ክብደቱ ወደፊት ይጫናል፤ የኋላው ጎማ ስለሚቀል መሬቱን የመቆንጠጥ አቅሙን ያጣና ይንሸራተታል። የፊት ፍሬን ደረቅ አስፋልት ላይ በግማሽ ርቀት ያቆማል። «የቬሎድሮም ብስክሌቶች ፍሬን የላቸውም እኮ» ይባላል፤ ልክ ነው፣ እዚያ ግን ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይዞራል፣ ማንም ድንገት አይቆምም፣ መንገድ የሚያቋርጥ ሰውም የለም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. የ1983ቱ ደንብ ሁለት የማቆሚያ መንገድ ያዛል፤ የፊክሲው እግር እንደ አንዱ ይቆጠራል፣ የፊት ፍሬኑ ግን ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን ውስጥ የፊት ፍሬን የሌለው ፊክሲ እግረኛ ገጭቶ ሴትየዋ ሞተች። ነጂው በቀጣዩ ዓመት 18 ወር ተፈረደበት፣ ያውም የፈረስ ጋሪ ዘመን በሆነው እ.ኤ.አ. በ1861 በወጣ ሕግ።

ስለ ጥርስ ቁጥር ምክር ሲጠየቅ ሁሉም «48 በ16» ይላል፤ ፊት 48፣ ኋላ 16 ጥርስ ማለት ነው። ለማካፈል ቀላል ነው፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ልክ ሦስት ጊዜ ይዞራል። ችግሩም ይኸው ነው። ጎማ ቆልፎ መንሸራተት የሚወድ ሰው ፔዳሉን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አኳኋን ነው የሚቆልፈው፤ ጎማው ሙሉ ዙር ብቻ ከዞረ ደግሞ ዘወትር ያው አንድ ቦታ ይፋቃል፣ የቀረው ጎማ አዲስ ሆኖ ሳለ እዚያ ላይ ይበሳል። በ47 በ16 ግን መፋቁ 16 ቦታ ላይ ይከፋፈላል።

ለቁልቁለትም ቁጥሩን ማስላት ይጠቅማል። በ46 በ16 አንድ የፔዳል ዙር 6 ሜትር ገደማ ያስኬዳል፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲኬድ እግር በደቂቃ 110 ጊዜ ያህል ይዞራል። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ባለ ሜዳ ከተማ ይህ አያሳስብም። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ለሚወርድ ግን ፊክሲ ስህተት ነው፤ ፍሪዊልና ሁለት ፍሬን ይግጠም።

«ርካሽ ነው» የሚለው እንደ ሰው ነው። አሮጌ ቴላዮ በነጻ ያገኘ ሰው እንኳ ትክክለኛ የኋላ ጎማ መግዛቱ አይቀርም፤ ወጪው ያለውም እዚያ ነው።

ገጥመው ሲጨርሱ አጭር ዳገት በኃይል ይውጡ፤ ጥርሱ ትንሽ ይገባል፣ ቀለበቱም ያንኑ ያህል ይላላልና እንደገና ያጥብቁት። ካቴናው መሃሉ ላይ በጣት ሲነካ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይርገብ። የፊት ጥርሶች ፍጹም ክብ ስላልሆኑ ፔዳሉን እያዞሩ ካቴናው በጣም የሚወጠርበትን ነጥብ ያግኙና ልኩን እዚያ ላይ ይውሰዱ። ብስክሌቱን ገልብጠው ካቴናውን በጨርቅ ሲያጸዱ ጎማውን በፍጥነት አያሽከርክሩት። በተለመደው ብስክሌት ጨርቅ ቢያዝ ካቴናው ይቆማል፣ ጎማው ብቻውን ይዞራል። ፊክሲ ላይ ጎማው ካቴናውን፣ ካቴናው ጨርቁን፣ ጨርቁ ጣትን ይዞ ጥርሱ ውስጥ ይገባል፤ በዚህ ጣታቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። ጨርቁን ከሁለቱም ጥርሶች ርቀው መሃል ላይ ይያዙ፣ ፔዳሉንም በሌላው እጅ ቀስ አድርገው ያዙሩ።