እንጅባራ ዓመቱን ይቆጥራል፤ ጋፋትስ?

ጥር 25 ቀን መርቆሬዎስ ነው። ያን ዕለት በደብረ ታቦር ፈረሰኛው ፈረሱን ግላስ አልብሶ፣ ልጓሙን አሳምሮ ከየገጠሩ ይመጣል። ጉግሱ ሲጀመር አንዱ ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይጋልባል፤ ሌላው ዘንጉን ይዞ ይከተለዋል። ዘንጉ ጋሻው ላይ ሲያርፍ ጓ ይላል፤ እልልታው ይከተላል። ከዳር የቆሙት አዛውንቶች የሚመለከቱት ፈረሱን ብቻ አይደለም፤ የሚጋልበው የማን ልጅ እንደሆነም ይጠይቃሉ።

ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥር 23 ቀን፣ እንጅባራም በፈረስ ይደምቃል። የዚያኛው በዓል ባለቤት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ከዚያው የቀሩትን ፈረሶች ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ። ጣሊያን ያኔ ገና ከአገር አልወጣም፤ በጠላት አገዛዝ ሥር ሆኖ የዓድዋን ድል ለማሰብ መሰባሰብ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ልብ ይሏል። በ2012 ዓ.ም. 80ኛ ዓመቱን አክብሯል። በበዓል ብቻ የሚሰባሰብም አይደለም፤ ለቅሶ ይደርሳል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ይህን ያህል ዘመን የዘለቀው ከሰው ኑሮ ስላልራቀ ይመስለኛል።

ይህን ያነሣሁት ስለ ጋፋት ለመናገር ነው።

ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፋቸውን ያሠሩት እዚያ ነው። ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የመጡ ሚስዮናውያን፣ እነ ቴዎፊል ቫልድማየር፣ ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው መድፍ ሠሪ ሆኑ። ከእነሱ ጋር የአገሬው ሰው ወናፍ ነፋ፣ ከሰል አከሰለ፣ ሙያም ተማረ። ብረት ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ በሚሸሽበት ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጋፋት እየተመላለሱ ሥራውን ይከታተሉ ነበር። ለእኔ ከመድፉ የሚበልጠው ይህ ነው።

በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። በመቶ የሚቆጠር ሰው መድፉን በጠፍር እየጎተተ፣ መንገዱ በዶማ እየተቆፈረ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ጉዞው በጋይንትና በጨጨሆ አለፈ። የጅጣንና የበሽሎን ገደል ተሻግሮ መቅደላ ለመድረስ 6 ወር ያህል ፈጀ። መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።

በ2010 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ሎንደን ውስጥ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሳይቀር ከመቅደላ የተዘረፉ ቅርሶችን ለእይታ አቅርቦ ነበር። ስለ መቅደላ ብዙ ተጽፏል። ቫልድማየርም የሕይወት ታሪኩን ጽፎ በፈረንጆች 1886 አሳትሟል፤ ስሙ አልጠፋም። ወናፍ የነፋውን፣ ጠፍሩን የጎተተውን የደቡብ ጎንደር ሰው ስም ግን ከመጻሕፍት ማግኘት ይቸግራል። ስሙ የሚገኝ ከሆነ የሚገኘው በየቤቱ ነው፤ «አያቴ ከአያታቸው እንደሰሙት» ብለው ከሚያወሩ እናቶችና አባቶች ዘንድ።

ይህን መሰብሰብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆች አሉ፤ የሚቀዳ ስልክም በየእጃቸው አለ። ከጋይንት እስከ ጨጨሆ መድፉ ያለፈበትን መንገድ በእግሩ ተጉዞ ሽማግሌ የሚጠይቅ ማኅበር፣ እንደ እንጅባራው ዓመቱን የሚቆጥር፣ ለጋፋት ይገባዋል። የደብረ ታቦር ልጆች ሆይ፣ አዛውንቶቹ በሕይወት ሳሉ ጀምሩት። ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር ከተነሣ 200 ዓመት የሚሞላው በ2060 ዓ.ም. ነው።