መፍሰሻ የሌለው ሐይቅ ለምን ጨዋማ አልሆነም?

ወደ ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ሁሉ ጥቂት ጨው ይዞ ይመጣል። ውኃው ሲቀመስ ይህ አይታወቅም፤ ነገር ግን ዝናብ ዐለቱንና አፈሩን እያጠበ ሲወርድ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሌሎች ማዕድናትን አሟሙቶ ይወስዳል። ሐይቁ መፍሰሻ ካለው የገባው ማዕድን ተመልሶ ይወጣል። ጣና የተቀበለውን ለዓባይ ስለሚያስረክብ ውኃው ጨዋማ አይሆንም። መፍሰሻ የሌለው ሐይቅ ግን ውኃውን የሚያጣው በአብዛኛው በትነት ነው፤ ትነት ደግሞ ውኃውን እንጂ ጨውን አይወስድም። ስለዚህ ጨው በየዓመቱ ይጠራቀማል።

የዚህ ሕግ የመጨረሻ ውጤት ምን እንደሚመስል ለማየት የሚሻ ተማሪ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ በኬንያ ድንበር አጠገብ የሚገኘውን ጨው ባሕርን ያስብ። የወይጦና የሰገን ወንዞች ወደዚህ ሜዳ ይፈስሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ መሄጃ የላቸውም። ዝናቡ በበረታበት ወቅት ሜዳው ውኃ ይለብሳል፤ ሲደርቅ ደግሞ የተሰነጣጠቀ ጭቃና ነጭ የጨው ቅርፊት ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1888 ቴሌኪና ፎን ሆኔል የተባሉ ተጓዦች በሐይቅነቱ ስላገኙት በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ባለቤት ስም «ስቴፋኒ» ብለው ሰየሙት። የልዕልቲቱ ስም ያለበት ካርታ ውኃ ያሳይ እንጂ አገሩን በቅጡ የሚገልጸው የአማርኛው ስም ነው። በዙሪያው የሚኖሩት አርቦሬዎች፣ ሐመሮችና ፀማዮች የከብቶቻቸውን እንቅስቃሴ የሚወስኑት ውኃው በሚመጣበትና በሚሄድበት ወቅት ነው።

ሕጉ ይህ ከሆነ፣ በደቡብ ወሎ የሚገኘው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ እንቆቅልሽ ሆኖ ይገኛል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው ይህ ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና ከ80 ሜትር በላይ የሆነ ጥልቀት አለው። በላይኛው ከፍታ ያለው የአርዲቦ ሐይቅ በወንዝ አማካይነት ወደ እርሱ ይፈስሳል፤ ከእርሱ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። እንደ ሕጉ ቢሆን መራራ ውኃ ሊሆን በተገባው ነበር። ሆኖም በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚገኘው የሟሟ ማዕድን ከ1 ግራም በታች ነው፤ የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል እንደሚይዝ ልብ ይሏል። ፍጹም ጣፋጭ ነው ማለት ግን አይደለም። ፒኤች መጠኑ 9 ገደማ በመሆኑ ወደ አልካላይንነት ያደላል፤ ትነቱ ሥራውን አልተወም ማለት ነው።

ታዲያ ቀሪው ጨው ወዴት ሄደ? አሳማኙ መልስ የሚገኘው ከሥር ነው። ሐይቁ የተቀመጠው በከፍተኛው አገርና በአፋር ስምጥ መካከል፣ መሬቱ በተሰነጣጠቀበት ጠርዝ ላይ ነው። በስተምሥራቅ ያለው አገር ወደ ሚሌ ወንዝ ተፋሰስ ዝቅ ይላል። ውኃ በስንጥቆቹ በኩል በዝግታ ሲሰርግ ጨውንም ይዞ ይሄዳል። በዓይን የማይታየው የከርሰ ምድር መፍሰሻ በዓይን የሚታየውን የወንዝ መፍሰሻ ተክቷል ማለት ነው።

ይህ ሚዛን ግን ጽኑ አይደለም። ሐይቁ በየዘመኑ ምን እንደነበረ የሚመሰክረው በወለሉ ላይ የተነባበረው ጭቃ ነው። ዳያቶም የሚባሉ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ አልጌዎች የመስታወት ያህል ጠንካራ ሽፋን ስላላቸው ሲሞቱ አይበሰብሱም፤ ዝርያዎቻቸውም አንዳንዶቹ ጥልቅ ውኃን፣ አንዳንዶቹ ጠፍ ውኃን፣ ሌሎቹም ጨዋማነትን ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት 15,600 ዓመታት የሚሸፍን የጭቃ ዓምድ መርምሮ ሐይቁ በየጊዜው ሲጎድልና ሲሞላ መኖሩን አሳይቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የአበባ ብናኝ ጥናት ደግሞ ስለ ዙሪያው ደን ይናገራል። ከ2,500 ዓመታት ገደማ በፊት ዝግባና ጥድ ተመንጥረው ክትክታ የመሰለ ቁጥቋጦ ተተካ፤ በግምት ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. የጥድ ደን ከወይራ ጋር ተመልሶ ለመለመ፤ ከዚያም እንደገና ተጨፈጨፈ። ደን አንድ ጊዜ ከጠፋ አይመለስም ለሚሉ ሰዎች ይህ ጭቃ ጥሩ መልስ አለው።

የውኃውን ከፍታ የሚመሰክር ሌላም ነገር አለ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ ያለበት ቦታ በእግር የሚደረስበት የየብስ ልሳን ነው። ቀድሞ ግን ደሴት ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው የዐረብኛ ዜና መዋዕል ሠራዊቱ ወደ ደሴቱ ለመሻገር ታንኳ ማዘጋጀቱን ይተርካል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩት፣ ከተማሪዎቻቸውም መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖት የነበሩት በዚህ ገዳም ነው፤ በእርሳቸው ዘመን የተጻፈው የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ ከአገሪቱ ጥንታዊ የብራና ቅርሶች አንዱ ነው። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም እንደማይገቡ ጎብኚዎች አስቀድመው ቢያውቁ መልካም ነው። በአካባቢው የሚነገረው አፈ ታሪክ ደግሞ አንዲት ነፍሰ ጡር በደል ስለደረሰባት ምድሩ በቁጣ ወደ ውኃነት ተለወጠ፣ እርሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ ይላል። በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ገዳሙና መስጊዱ አንድ ውኃ ይጠጣሉ። ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች አንዱ ስሙን የወሰደው ከአምባሰል መሆኑንም መዘንጋት አያስፈልግም።

ወደ ወፎቹ እንምጣ። ፍላሚንጎ ፍለጋ ወደ ሐይቅ የሚሄድ ሰው ያፍራል፤ ትንሹ ፍላሚንጎ የሚመገበው በሶዳማ ውኃ ውስጥ የሚበቅለውን ጥቃቅን ተክል መሰል ሕዋስ ሲሆን፣ ያ የሚገኘው እንደ ጭቱና አብያታ ባሉ ሐይቆች ነው። እዚህ የሚታዩት ዓሣ በሎቹ ናቸው፤ የዓሣ ንስር፣ ፔሊካን፣ ጠላቂ ጥቁር ወፎች። ከመስከረም በኋላ ከአውሮፓ የሚሰደዱት ዳክዬዎች ሲጨመሩ ቁጥራቸው ይበዛል። ዓሣው ራሱ ግን የቅርብ ጊዜ ታሪክ አለው። ቆሮሶ ወደ ሐይቁ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ለምግብና ለገቢ ጠቅሟል፤ ነገር ግን ዓሣው ዙፕላንክተንን ስለሚበላ አልጌ የሚበላው ተቀንሶ፣ ቀድሞ ጥርት ያለው ውኃ ወደ አረንጓዴነት መለወጡን እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

የሚያሳስበው የገቢው ውኃ ነው። ከአርዲቦ የሚወርደው ወንዝ ለመስኖ ይጠለፋል። ገበሬውን መውቀስ አይገባም፤ መሬቱ የሚያፈራው በዚያ ነው። ግን አብያታ ላይ የሆነውን እናስብ። ወደ እርሱ የሚገባው ውኃ ለመስኖ ሲቀነስና ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣው አለቀ፤ በሻላ ደሴት እየተራቡ ከአብያታ ዓሣ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖች ምግባቸውን በሩቅ ለመፈለግ ተገደዱ። ሐይቅ ከአብያታ ይልቅ ጥልቅ ስለሆነ ለውጡ ዘግይቶ ይታያል፤ አይመጣም ማለት ግን አይደለም።

ወደ አካባቢው የሚጓዝ ተማሪ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከመነጽሩ ጋርም የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያና የፒኤች ወረቀት ይያዝ። በአንድ ቀን ከኮረብታው ከሚወርዱ ምንጮች፣ ከአርዲቦና ከሐይቅ ናሙና ይውሰድ። ምንጮቹ አነስተኛውን፣ ሐይቅ ደግሞ ከፍተኛውን ቁጥር ሊሰጡ ይገባል። ክረምቱ እንዳለቀና በበጋው መጨረሻ ሁለት ጊዜ የተለካ ቁጥር ከብዙ ፎቶግራፍ ይልቅ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይጠቅማል።