ወራሽ ያጣ ደን፤ የቤተ ክርስቲያንን ዐጸድ ለተማሪዎች ስለ ማስተማር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን

በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በደጋና በወይና ደጋ የሚጓዝ ሰው በታረሰ መሬትና በግጦሽ መካከል ክብ ሠርቶ የቆመ ጥቅጥቅ ያለ ደን ባየ ጊዜ ጠቋሚ አያስፈልገውም። በዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ዐውቆ ከሩቅ ይሳለማል። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ አብያተ ክርስቲያናት ያሉ ሲሆን ብዙዎቹ እንዲህ ባለ ደን የተከበቡ ናቸው። ደኖቹ በአብዛኛው ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም፤ ነገር ግን በዙሪያቸው የነበረው ጥንታዊ ደን ከጠፋ በኋላ የቀሩ ምስክሮች ናቸው።

አባቶቻችን እነዚህን ዛፎች ያቆዩልን በዘበኛ ብዛት ሳይሆን በፈሪሃ እግዚአብሔር ነው። የቤተ ክርስቲያንን ዛፍ መቍረጥ የቤተ ክርስቲያንን ልብስ እንደ መግፈፍ ተቈጥሮ ኖሯል። ይህ ፍርሃት ደኑን እስከ ዘመናችን አድርሶታል። ይሁን እንጂ ዛፍ እንዳይቈረጥ መከልከል ብቻውን ደኑን ለልጆቻችን ያደርሰዋልን? በዚህ ጽሑፍ ለአብነት ተማሪዎችና ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ስለ ደን ምን ልናስተምራቸው እንደሚገባ በአጭሩ እንመለከታለን።

ዛፍና ሰው በቅዱሳት መጻሕፍት

እግዚአብሔር አዳምን በገነት ባኖረው ጊዜ ገነትን እንዲያለማትና እንዲጠብቃት አዝዞታል (ዘፍ. 2፥15)። ትእዛዙ ሁለት ነው፤ መጠበቅ ብቻ ሳይሆን ማልማትም አለበት። አባታችን አብርሃም ሥላሴን በእንግድነት የተቀበለው በመምሬ ዛፍ አጠገብ ነው (ዘፍ. 18፥1-8)። እርሱ ራሱም በቤርሳቤህ ዛፍ ተክሎ የእግዚአብሔርን ስም ጠርቷል (ዘፍ. 21፥33)። በኦሪት ሕግ እስራኤል ከተማ ከብበው በሚዋጉበት ጊዜ እንኳ የሚበላ ፍሬ የሚያፈሩትን ዛፎች በመጥረቢያ እንዳያጠፉ ታዝዘዋል (ዘዳ. 20፥19)። ጠቢቡ ሰሎሞንም ከተሰጠው ጥበብ አንዱ ከሊባኖስ ዝግባ ጀምሮ በቅጥር ላይ እስከሚበቅለው ሂሶጵ ድረስ ስለ ዕፅዋት መናገር ነበር (1ነገ. 4፥33)። ስለዚህ ዕፅዋትን ማወቅና ማሳወቅ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውጭ የሆነ እንግዳ ነገር አይደለም።

ለምልሞ የሚሞት ደን

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ደብር የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ይዤ በዐጸዱ ውስጥ ዞርሁ። አንድ ትልቅ የወይራ ዛፍ ሥር ቆመን “የዚህን ዛፍ ልጆች ፈልጉ” አልኋቸው። ሕፃናቱ ተበትነው ፈለጉ። ከብት የረገጠው ደረቅ መሬት፣ የተጠረገ ቅጠልና ከሥሩ የተቀጨ ጭራሮ እንጂ አንድም ቡቃያ አላገኙም። ከልጆቹ አንዲቱ “ታዲያ ይህ ዛፍ ሲሞት ማን ይተካዋል?” ብላ ጠየቀችኝ። ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም።

በቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ረጅም ጥናት ያደረጉት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና የሥራ ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግበዋል። ይህ ታላቅ ሀብት ነው። ነገር ግን በአፈሩ ውስጥ ያለውን ዘር ሲመረምሩ የአብዛኞቹ ሀገር በቀል ዛፎች ዘር በመሬት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተቀብሮ እንደማይቈይ አሳይተዋል። የአረም ዘር ዓመታትን ጠብቆ ይበቅላል፤ የብዙዎቹ የደን ዛፎች ዘር ግን በጊዜው ካልበቀለ ይበላል ወይም ይበሰብሳል። እንግዲህ እናቲቱ ዛፍ ሳትተካ ከወደቀች አፈሩ አደራዋን አልያዘላትም ማለት ነው።

ይህን ከአብነት ትምህርት ቤት በላይ የሚያስረዳን ምሳሌ የለም። አንድ የድጓ መምህር ዕድሜ ጠግቦ፣ ዜማው ሳይጓደል በወንበሩ ሊቀመጥ ይችላል። በዙሪያው ደቀ መዝሙር ከሌለ ግን ጉባኤው ያለው ለመምህሩ ዕድሜ ያህል ብቻ ነው። ከሥሩ ቡቃያ የሌለው ደንም እንዲሁ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ለምልሟል፤ ወራሽ ግን የለውም።

ለተማሪዎች ምን እናስተምር?

አንደኛ፣ ስም ማወቅ። ልጆች ጥድን፣ ወይራን፣ ዝግባን፣ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ብሳናን፣ ሾላን፣ ጥቁር እንጨትን በቅጠላቸው፣ በልጣቸውና በፍሬያቸው ለይተው ይጥሩ። ስሙን ያላወቁትን ነገር መጥፋቱንም አያውቁትም። ከስሙ ጋር አገልግሎቱ ይነገራቸው፤ ወይራ የወተትና የጠላ ዕቃ የሚታጠንበት፣ ኮሶ ለመድኃኒትነት ሲያገለግል የኖረ መሆኑን ከአረጋውያን ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ወንድና ሴት መለየት። ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ወንዱና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ናቸው። ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብትሆንም ያለ ወንዱ ዘር የላትም። ስለዚህ “ይህ ፍሬ የለውም፣ ይቈረጥ” የሚል ሰው ሳያውቅ የደኑን ትውልድ ሊያቋርጥ ይችላል።

ሦስተኛ፣ መቍጠር። በገመድ ዐሥር ሜትር በዐሥር ሜትር የሆነ ቦታ ለክተው ትልልቁን ዛፍ፣ ለጋውን ዛፍና ቡቃያውን ለየብቻ ይቍጠሩ፤ በደብተር ይመዝግቡ። በየዓመቱ በዚያው ቦታ ሲቈጥሩ ደኑ እየወለደ ወይም እየመከነ መሆኑን በራሳቸው ዓይን ያያሉ። ጤናማ ደን እንደ ጤናማ ደብር ነው፤ ሽማግሌ፣ ጎልማሳና ሕፃን በአንድነት ይገኙበታል።

አራተኛ፣ ጠላቱን ማወቅ። ቡቃያን ከሚያጠፉት አንዱ ያለ ከልካይ የሚገባ ከብት ነው። የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚረግጠውም ያልቃል። ሁለተኛው ከጠርዝ የሚገባው ፀሐይና ነፋስ ነው፤ እርሻው በየዓመቱ አንድ ክንድ በገፋ ቍጥር የደኑ ውስጥ ይደርቃል። ሦስተኛው በሀገር በቀሉ ዛፍ መካከል የሚተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚደርስ ለማገዶና ለሥራ ይጠቅማል፤ ቦታው ግን ከደኑና ከምንጭ ርቆ በተለየ መሬት ነው።

አምስተኛ፣ ማልማት። የወይራና የዝግባ ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ውስጡ ሳይጐዳ በጥንቃቄ ካልተሰነጠቀ ወይም ካልተላጠ ለመብቀል እጅግ ይዘገያል። ተማሪዎች ከወደቀው ፍሬ ዘር ለቅመው በትንሽ መደብ ቢያፈሉ፣ ክረምት ሲገባ ከብት በማይደርስበት ክፍት ቦታ ቢተክሉ፣ በበጋው በየተራ ውኃ ቢያጠጡ ትምህርቱ በሥራ ይፈጸማል። አንድ ተማሪ ለአንድ ችግኝ ኃላፊ ይሁን። መቶ ተክሎ ከመርሳት ዐሥር ተክሎ ማሳደግ ይበልጣል።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል?

ልጆቹ የሚማሩት ከቃላችን ይልቅ ከሥራችን ነው። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አጥቢያዎች ከየማሳው ድንጋይ ለቅመው በደናቸው ዙሪያ ካብ ክበዋል። ገበሬው ማሳው ከድንጋይ ይጸዳለታል፣ ደኑም ከከብት ይጠበቃል። አጥር በተደረገበት ቦታ ቡቃያ እንደሚበረክት በጥናትም ታይቷል። ይህ በሰበካ ጉባኤ ምክርና በምእመናን ጕልበት ሊሠራ የሚችል ነው።

ሌላውን ደግሞ ራሳችንን ወቅሰን እንናገር። ዛሬ ዐጸዱን የሚያጠበው ከውጭ የመጣ መጥረቢያ ብቻ አይደለም። በሲሚንቶ የሚሠራ ሰፊ መቃብር፣ ሳይታሰብበት የሚቆም አዳራሽ፣ ለበዓል ድግስ የሚቈረጥ ማገዶም አለ። ሕንፃ አያስፈልግም፣ ድግስም ይቅር አንልም። ነገር ግን ከመሠራቱ በፊት “ስንት ዛፍ ይወድቃል? በሌላ ቦታስ አይሆንምን?” ብሎ መጠየቅ ይገባል። የወደቀውን ቅጠልም ቢሆን መንገዱንና ዐውደ ምሕረቱን ካጸዳን በኋላ በደኑ ውስጥ እንተወው። አፈሩን የሚያዳብረውና እርጥበቱን የሚይዘው እርሱ ነውና።

በዝማሬ ዳዊት የሊባኖስን ዛፎች የተከለ እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ ወፎችም በዚያ እንደሚጠለሉ ተነግሯል (መዝ. 103፥16-17)። እርሱ የተከለውን እኛ በአደራ ተቀብለናል። ያቺ ሕፃን በወይራው ሥር ለጠየቀችው ጥያቄ መልሱ በእጃችን ነው፤ ዛፉን የሚተካው እርስዋና ባልንጀሮቿ ዘሩን ለቅመው፣ እኛም ቦታውን አጥረን የምናሳድገው ቡቃያ ነው። በሚመጣው ክረምት ልጆቻችንን ይዘን ወደ ዐጸዱ እንግባ፤ ከትልልቁ ዛፍ ሥርም ጐንበስ ብለን እንፈልግ።

የአባቶቻችንን አደራ ለልጆቻችን እናደርስ ዘንድ የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር