ከምድር በታች የሚጀምረው ሙዚየም

ልጃቸውን ሊያርሱ ዋሽንግተን የሚመጡ እናቶች ብዙዎቹ ከተማዋን ሳያዩ ይመለሳሉ። ልጅ ሥራ ትውላለች፣ እሳቸው ሕፃን ታቅፈው ቤት ይውላሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያንና የዘመድ ጥሪ ነው። ቢወጡም ኋይት ሐውስ አጥር ሥር ፎቶ ተነሥተው መመለስ ነው። እኔ እንግዳ ሲመጣብኝ አንድ ሙሉ ቀን ለአንድ ቦታ እሰጣለሁ፤ ለአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም።

የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከውጭ ሲያዩት የነሐስ መልክ ያለው፣ ሦስት ጊዜ የተደራረበ አክሊል ይመስላል፤ የሕንፃው ንድፍ አውጪ ዴቪድ አጃዬ ሐሳቡን የወሰደው ከዮሩባ ቅርጻ ቅርጽ ነው። ከግማሽ በላዩ ግን ከመሬት በታች ነው። ትልቅ አሳንሰር ቁልቁል ሲያወርዳችሁ በግድግዳው ላይ የተጻፉት ዓመታት ወደ ኋላ እየሄዱ ያልፋሉ፤ ሲቆም 1400ዎቹ ውስጥ ናችሁ። ከዚያ በእግር እየወጡ የባሪያ ንግዱን፣ የእርስ በርስ ጦርነቱን፣ የመብት ትግሉን ማየት ነው። ከላይ ጀምሩ የሚላችሁን አትስሙ። ላይ ያለው ሙዚቃና ስፖርት ደስ ይላል፤ ታችኛውን ያላየ ግን ሰዎቹ ከምን ተነሥተው እዚያ እንደደረሱ አይገባውም።

እናቴን ያቆማት አንድ የባቡር ፉርጎ ነው። ሙዚየሙ ገና ጉድጓድ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2013 በክሬን ወርዶ፣ ሕንፃው በላዩ ላይ ተሠራ። ሰው ውስጡ ገብቶ ያልፍበታል። ፉርጎው ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ወገን ለነጮች፣ ሌላው ለጥቁሮች። በነጮቹ በኩል መጸዳጃው ከነማረፊያው ሰፊ ነው፣ ከወንበሮቹ በላይም የዕቃ መደርደሪያ አለ። በጥቁሮቹ በኩል መጸዳጃው ጠባብ ነው፤ መደርደሪያ የሚባል ነገር የለም። እናቴ በወጣትነቷ ድሬዳዋ በባቡር እየተመላለሰች ነግዳለች። ቀና ብላ ጣሪያውን ስታይ ቆየችና፦

«ዕቃቸውን ታዲያ የት ያደርጉት ነበር?»

«እግራቸው ሥር፣ ጭናቸው ላይ።»

«ከፍለው አይደል እንዴ የተሳፈሩት?»

«ከፍለው ነው እማዬ።»

ስለ ዘር መለያየት ሕጎች በየግድግዳው ብዙ ተጽፏል። እንግሊዝኛ ለማታነበው እናቴ ግን ነገሩን ያስረዳት ያ የሌለው መደርደሪያ ነው።

መግቢያው በነጻ ነው። ሙዚየሙ የስሚዝሶንያን አካል ሲሆን፣ ስሚዝሶንያን እ.ኤ.አ. በ1846 የተቋቋመው አሜሪካን ረግጦ በማያውቅ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት፣ በጄምስ ስሚዝሰን የኑዛዜ ገንዘብ ነው። ዋሽንግተን ያሉት ሙዚየሞቹ አንዳቸውም አያስከፍሉም። ለዚህኛው ግን ቀንና ሰዓት ያለው ማለፊያ ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት ያዙ። እግር የሚያማቸው ካሉ ተሽከርካሪ ወንበር ጠይቁላቸው፤ መንገዱ ረጅም ነው። ታሪኩ ሲከብዳችሁ፣ ከጣሪያው በክብ ውኃ የሚወርድበት ክፍል አለ። ቁጭ በሉበት፤ እኛ ብዙ ቆይተናል።

በማግሥቱ ሊንከን መታሰቢያ ሂዱ። ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1963 ቆሞ የተናገረበት ቦታ ደረጃው ላይ ተቀርጿል። ሰው ዐይኑ ትልቁ ሐውልት ላይ ስለሚሆን ረግጦት ያልፋል፤ ወደ ላይኛው አዳራሽ ከመድረሳችሁ በፊት ካለው ሰፊ ማረፊያ ላይ ፈልጉት።