ያለ ሞተር የሚሠራ የዓሣ ኩሬ

የዓሣ ኩሬ ለመቆፈር ሲያስቡ አስቀድመው ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ ይወስኑ። በጉደር ወይም በሁሉቃ ወንዝ መስኖ ለሚያለማ አርሶ አደር የሞተር ነዳጅ ወጪ አይነገረውም። ሽንኩርት በአራት ወር ገደማ ይነሳል፤ ዓሣ ግን ከስድስት ወር በላይ ኩሬ ውስጥ ይቆያል። ያን ሁሉ ጊዜ በሞተር ከሞሉት ትርፉን ነዳጅ ይበላዋል።

ስለዚህ ኩሬውን ከመስኖ ቦይዎ ዝቅ፣ ከአትክልት መደብዎ ደግሞ ከፍ ባለ ቦታ ይቆፍሩ። ውሃው በራሱ ገብቶ በራሱ ይወጣል። በመግቢያውና በመውጫው ወንፊት ያድርጉ።

ጎኑ 10 በ10 ሜትር የሆነ ኩሬ በፀሐይ ብቻ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢቀንስ 500 ሊትር አጣ ማለት ነው፤ ባለ 20 ሊትር 25 ጀሪካን። መሬቱ አሸዋማ ከሆነ ወደ ታች የሚሰርገው ከዚህ ይበልጣል። ኮትቻ አፈር ውሃ ይይዛል፤ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃልና ኩሬውን ባዶ አያቆዩት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ዓሣ ወራጅ ውሃ ይፈልጋል ብሎ ቦዩን ሌት ተቀን ይለቅበታል። ቆሮሶ የሚመገበው ፍግ ሲጨመር ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉትን ጥቃቅን ዕፅዋት ነው። ወራጅ ውሃ ይህን ምግብ ጠርጎ ይወስዳል፣ ኩሬውንም ያቀዘቅዛል። ቆሮሶ ደህና የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ከ20 በታች መብላት ይቀንሳል። የአምቦ ሌሊት ደግሞ ያውቁታል። የጎደለውን ብቻ፣ እኩለ ቀን ላይ ይሙሉ። ጋዝ የሚያፈላውን የማዕድን ምንጭ ግን አያስገቡ፤ ዓሣውን ያፍነዋል።

ፍግ መብዛቱን ለማወቅ ክንድዎን እስከ ክርን ይንከሩ። መዳፍዎ ካልታየ መጨመሩን ያቁሙ። ንጋት ላይ ዓሣው አፉን ከውሃው በላይ እያወጣ ካዩ አየር አጥሮታል። ያኔ ብቻ ውሃ በብዛት ይልቀቁ፤ ከፍ ካለ ቧንቧ እየተንፏፏ ሲወርድ ያለ ምንም ኃይል አየር ይዞ ይገባል።

ከኩሬው ሥር የሚወጣውን ውሃ ወደ ወንዝ አይመልሱት። ፍግ የያዘ ነውና ሽንኩርትና ቃሪያ ያጠጡበት፤ የገዙትን ማዳበሪያ ይቆጥብልዎታል።

የዓሣ ጫጩት ለማግኘት የቀበሌዎን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያነጋግሩ፤ የዓሣ ምርምር ማዕከል ሰበታ ይገኛል። ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት ይበቃል። ሲደርሱ ከነፌስታሉ ኩሬው ላይ 20 ደቂቃ ያህል ያንሳፏቸው፤ ከዚያ ከፍተው በራሳቸው ይውጡ።