ሃምሳኛው ልደት በሰው አገር

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት በቤታችን ስለ ተከበረ አንድ ልደት ነው። ባለቤቴ 50 ዓመት የሞላበት ዕለት ነበር። ቦታው ካርቱም፣ ጊዜው ጥር 2008 ዓ.ም.። በዚያ ከተማ የሚኖሩ ወገኖቻችንን በወንጌል ለማገልገል ከጠዳ ከወጣን ስድስት ዓመት ሆኖን ነበር። ሁለት ልጆች ይዘን ወጣን፤ ሦስተኛዋ እዚያው ተወለደች።

እኔም ሆንሁ ባለቤቴ ልደት ሲከበር አይተን ያደግን ሰዎች አይደለንም። ልጆቻችን ግን የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ኬክ ሲቆርሱ አይተዋልና፣ “አባዬ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ዝም ብለን ልናልፍ ነው?” አሉኝ። እሺ አልኋቸውና በድብቅ መዘጋጀት ጀመርን። የቤተ ክርስቲያናችን እኅቶች አብዛኞቹ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ወይም መንገድ ዳር ሻይ የሚሸጡ ነበሩ። ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው አዋጡ። እንጀራው ተጋገረ፣ ዶሮው ተሠራ፣ ኬክ ተገዛ፣ ልጆቹም ፊኛ ነፉ።

ባለቤቴ ከጉብኝት ሲመለስ ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ሳቀ፤ አመሰገነ፤ ኬኩን ቆረሰ። ጥቂት ቆይቶ ግን ወደ መኝታ ክፍል ገባና ሳይመለስ ቀረ። ተከትዬው ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል።

“ምነው? ደስ አላለህም እንዴ?” አልሁት።

“ደስ ብሎኛል። ግን እናቴ ዛሬ ሃምሳ ዓመት እንደ ሞላኝ ታውቅ ይሆን?” አለኝ።

የምመልሰው ቃል አጣሁ። ለግብዣው ሃያ ሰው ስጠራ እርሳቸውን አላሰብኋቸውም ነበር። ጠዳ ላለው ወንድሙ ደወልንና ስልኩን ለእናቱ ሰጣቸው።

“እምዬ፣ የተወለድሁበትን ቀን ታስታውሺዋለሽ?” አላት።

“እንዴት አላስታውስም! ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ሌሊት ነው። አባትህ አውድማ አድሮ ነበር።”

“ዛሬ እኮ ሃምሳ ዓመት ሞላኝ።”

ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ “ልጄ፣ አርባ አራቱን አይቻቸዋለሁ። ስድስቱን ግን በወሬ ነው የሰማኋቸው” አሉት።

ቁጣ አልነበረበትም። ከዚያ በፊት በደንብ ሊቆጡ የሚችሉበት ምክንያት ነበራቸው። አማቴ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነታቸው የጸኑ እናት ናቸው። ልጃቸው ወንጌላዊ አማኝ ሲሆን አዝነዋል፤ ለአገልግሎት ከአገር ሲወጣ ደግሞ ሁለተኛ አዝነዋል። በዚያ ቀን ግን የነገሩን ስለ እምነት ልዩነት አልነበረም። የነገሩን ስለ ስድስት ዓመት ነበር።

ልደት ማክበር ይገባልን?

አንዳንድ ወገኖች ልደት ማክበር ዓለማዊ ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የልደት ግብዣቸው በግልጽ የተጻፈላቸው ሁለት ሰዎች ፈርዖንና ሄሮድስ ናቸው (ዘፍ. 40፥20፤ ማር. 6፥21)። በሁለቱም ግብዣ ላይ የሰው ነፍስ ጠፍቷል። በአንዱ የእንጀራ አበዛዎቹ አለቃ ተሰቀለ፤ በሌላው የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ ተቆረጠ። ከዚህ የምንማረው ግን መወለድን ማሰብ ክፉ እንደ ሆነ ሳይሆን፣ ራሱን ብቻ የሚያይ ሰው በደስታው ቀንም ሌላውን እንደሚጎዳ ነው።

በሌላ በኩል ሙሴ ዕድሜያችንን መቁጠር እንዲያስተምረን እግዚአብሔርን ለምኗል (መዝ. 90፥12)። በዘሌዋውያን 25 ላይ ደግሞ 50ኛው ዓመት ኢዮቤልዩ ተብሎ ተለይቷል። በስርየት ቀን ቀንደ መለከት ሲነፋ ሰው ሁሉ ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ እንዲመለስ ታዟል። ባለቤቴ በዚህ ክፍል ብዙ ጊዜ ሰብኮበታል። የራሱ ሃምሳኛ ዓመት ሲደርስ ግን ርስቱና ወገኑ ጠዳ፣ እርሱ ካርቱም ነበር።

በመቅደላ የዋለ ልደት

በዚያ ሰሞን ትዝ ያለኝ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ የተማርሁት የአንድ ሚስዮናዊ ታሪክ ነው። ሄንሪ ስተርን ይባላል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1820 በጀርመን አገር ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። በኋላ በክርስቶስ አምኖ፣ በጎንደርና በደምቢያ ለሚኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ወንጌልን ለመስበክ ወደ አገራችን መጣ። ጥቅምት 1856 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1863) ጎንደር አጠገብ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተጋጭቶ ክፉኛ ተደበደበና ታሰረ። ለንጉሡ ቁጣ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ስለ ትውልዳቸው በመጽሐፉ የጻፈው ነበር። በኋላም ከሌሎች እስረኞች ጋር ወደ መቅደላ ተወሰደ።

ሚስቱና ልጆቹ በእንግሊዝ አገር ነበሩ። ሚስቱ ባሏ እንዲፈታ ለባለ ሥልጣናት እየጻፈች ስትማልድ፣ እርሱ በኢትዮጵያ ምድር 44ኛ፣ 45ኛ፣ 46ኛና 47ኛ ልደቱን አሳለፈ። የተለቀቀው ሚያዝያ 4 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ሚያዝያ 11 ቀን 1868 መሆኑ ነው። ያ ቀን 48 ዓመት የሞላበት ቀን ነበር! ዕለቱ ደግሞ ቀዳም ሥዑር ነበር፤ በማግስቱ ትንሣኤ ሆነ።

ይህን ታሪክ ስናነብ ዓይናችን በእስረኛው ላይ ያርፋል። ነገር ግን እነዚያን ዓመታት ለንደን ሆና አንድ በአንድ የቆጠረችው ማን ናት? በዚያው ዘመን በደምቢያ ያገለግል የነበረው ማርቲን ፍላድም ሚስት ነበረችው። ፖውሊነ ትባላለች። በ1858 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1866) ዐፄ ቴዎድሮስ ፍላድን ደብዳቤ አስይዘው ወደ እንግሊዝ ሲልኩት፣ እርሷ ከልጆቿ ጋር በመያዣነት ቀረች። ፍላድ አገሩ አውሮፓ ከደረሰ በኋላ እዚያው መቅረት ይችል ነበር። እርሱ ግን በማግስቱ ዓመት ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ፣ ወደ እስሩም ተመለሰ።

የእኛ ነገር ከእነርሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም። እኛን ማንም አላሰረንም፤ መንገዱም ክፍት ነበር። ስድስት ዓመት የቀረነው “ዛሬ ነገ” ስንል ነው። ገንዘቡ ይበቃ አልመሰለንም፤ አገልግሎቱም ያለ እኛ የሚቆም መሰለን። የላከችን ቤተ ክርስቲያን ደመወዛችንን አላጓደለችም፤ ነገር ግን የእናቱን ደጅ የረገጠ አገልጋይ አልነበረም። እኛም “ጠይቁልን” አላልንም። የተልእኮን ዋጋ የምንከፍለው እኛ ብቻ መስሎን ነበር፤ ለካ ሳትጠየቅ የምትከፍል አንዲት እናት ጠዳ ተቀምጣ ነበር።

ለአገልጋይ ቤተ ሰቦች ጥቂት ምክር

ከዚህ ልምዳችን ተነሥቼ፣ ርቀው ለሚያገለግሉ ባልና ሚስት የሚከተለውን ላካፍል እወዳለሁ።

1. ከግብዣው በፊት ለወላጆች ደውሉ። ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ ዓመት ሲሞላችሁ የዚያን ቀን ያማጠችውን እናት “እንዴት ተወለድሁ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ የምትነግራችሁንም ጻፉት። በባለቤቴ ፓስፖርት ላይ የልደቱ ቀን ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፏል። ትክክለኛውን ቀን የምታውቀው እናቱ ብቻ ነበረች።

2. የቀን አቆጣጠሩ አያከራክራችሁ። የባለቤቴ ልደት ጥር 18 ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንዳንድ ዓመት 26፣ አንዳንድ ዓመት 27 ላይ ይውላል። በሰው አገር የሚያድጉ ልጆች ሁለቱንም ይወቁ፤ አያታቸው የምትቆጥርበትን ግን አይርሱ።

3. እናንት ሚስቶች፣ ድንገተኛ ግብዣ ከማዘጋጀታችሁ በፊት የባላችሁን ልብ መርምሩ። ባሎችም እንዲሁ። በሰው አገር የሚከበር ትልቅ ልደት ናፍቆትን ይቀሰቅሳል። ያለቀሰ ሰው ምስጋና ቢስ አይደለም።

4. ላኪ አብያተ ክርስቲያናት፣ በጀት ስታወጡ የደርሶ መልስ ጉዞን አብራችሁ ቁጠሩ። አገር ቤት የቀሩትንም ወላጆች በእምነት ከእኛ ጋር ባይሆኑ እንኳ ጎብኙ። የአገልጋዩ እናት የቤተ ክርስቲያን ባለ ዕዳ ሳትሆን ባለ ውለታ ናት።

የቀሩት ስድስቱ

በዚያው ዓመት ክረምት ብድር ተበድረንም ቢሆን መንገድ ጀመርን። ከካርቱም ገዳሪፍ፣ ከዚያም በገላባት ተሻግረን መተማ። ገንዳ ውኃንና አይከልን አልፈን፣ ደጋው ላይ ስንወጣ ልጆቹ ብርድ ብለው ተጠቀለሉ። ከአዘዞ ታጥፈን ጠዳ ስንደርስ መሽቶ ነበር። አማቴ ደጅ ቆመው ጠበቁን። ትንሿን ልጄን ጉንጭዋን ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ መልኳን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ድፎ ዳቦ ደፍተው ነበር። ቡናው ሲፈላ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጡና፣ “በል እንግዲህ፣ ስድስቱን ንገረኝ” አሉት።

እርሱም ነገራቸው፤ በአንድ ማታ አንድ ዓመት። የመጀመሪያውን ዓመት ሙቀትና በሽታ፣ ሁለተኛ ልጃችን ትምህርት ቤት የገባበትን ቀን፣ ትንሿ የተወለደችበትን ሌሊት፣ ቤት ኪራይ ያጣንበትን ወር፣ በዚያ አገር የቀበርናቸውን ወገኖች። እኔ ራሴ የረሳሁትን ብዙ ነገር ሰማሁ። እርሳቸው አንዳንዴ ይስቃሉ፤ አንዳንዴ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። የማናምንበትንም አልጠየቁን፤ የምናምንበትንም አልከለከሉን።

በ2010 ዓ.ም. አገልግሎታችንን አስረክበን ወደ ጠዳ ተመለስን። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ፣ ያን ኬክ አብረውን ከበሉት እኅቶች ጥቂቶቹ በመተማ በኩል ባዶ እጃቸውን ወጡ። አንዳንዶቹ በቤታችን ሲያልፉ አማቴ እግራቸውን አጥበው ተቀበሏቸው። “ልጄን ሃምሳ ያሉልኝ እናንተ ናችሁ?” ይሏቸው ነበር።

ወደዚያ ክረምት ልመለስና ላብቃ። በስድስተኛው ማታ ባለቤቴ የመጨረሻውን ዓመት ተርኮ፣ ስለ ግብዣውና ስለ ስልኩም ነግሯቸው ሲጨርስ፣ አማቴ ሦስተኛውን ቡና ቀዱለት። ዳቦውንም ቆርሰው በእጁ ሰጡትና፣

“አሁን ሃምሳ ሞላህ” አሉት።