በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት የሙዚቃ ሰዎች

የሰውን የልደት ቀን ከጠባዩና ከዕድሉ ጋር አያይዞ መመልከት ከጥንት ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። በኢትዮጵያ ኮከብ ቆጣሪው የሰውየውንና የእናቱን ስም በፊደል ቁጥር አስልቶ «ኮከብህ ይህ ነው» ይላል፤ በሌላው ዓለም የሚገኘው የሙያ ባልደረባው ደግሞ የተወለደበትን ቀንና ወር ጠይቆ የወደፊት ኑሮውን ሊነግረው ይሞክራል። የልደት ቀን በእርግጥ ይህን ያህል ኀይል ቢኖረው ኖሮ፣ በአንድ ቀን የተወለዱ ሰዎች በጠባይ ሊመሳሰሉ፣ በሐሳብ ሊስማሙና በሥራም ሊቀራረቡ በተገባ ነበር። ነገሩ እንዲህ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር የሙዚቃ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ያቀርብልናል።

በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ከተነሡት ታላላቅ የሙዚቃ ደራሲዎች መካከል ጀርመናዊው ዮሐንስ ብራምስና ሩሲያዊው ፒዮትር ኢሊች ቻይኮቭስኪ ይገኙባቸዋል። ብራምስ ሜይ 7 ቀን 1833 ዓ.ም. በሃምቡርግ ከተማ ተወለደ። ልክ ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ ሜይ 7 ቀን 1840 ዓ.ም.፣ ቻይኮቭስኪ በሩሲያ በኡራል ተራሮች አቅራቢያ በምትገኘው በቮትኪንስክ ተወለደ። በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት፣ ለይተን ካላመለከትን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ቻይኮቭስኪ በተወለደበት ዕለት በአገሩ የነበረው ቀን ሜይ 7 ሳይሆን ኤፕሪል 25 ነበር። ምክንያቱም ሩሲያ እስከ 1918 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በዩልዮስ ቄሣር ስም በሚጠራው በቀድሞው አቆጣጠር ትጠቀም ስለ ነበር ነው። የምዕራብ አውሮፓ አገሮች ግን በ1582 ዓ.ም. በሮማው ጳጳስ በጎርጎርዮስ 13ኛ ትእዛዝ የተሻሻለውን አቆጣጠር አንዱ ቀደም፣ ሌላው ዘግየት ብለው ተቀብለውት ነበር። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የነበረው ልዩነት በ19ኛው መቶ ዓመት 12 ቀን ነበር፤ ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ ግን 13 ቀን ሆኗል።

የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ለሚያውቅ ሰው ይህ ጉዳይ እንግዳ አይሆንበትም። ሁለቱ ሰዎች የተወለዱበት ዕለት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሰላ ሚያዝያ 30 ቀን ላይ ይውላል፤ ዓመቱም ለብራምስ 1825፣ ለቻይኮቭስኪ 1832 ዓ.ም. ይሆናል። በአሁኑ ጊዜ ግን ሜይ 7 ቀን የሚውለው ሚያዝያ 29 ቀን ነው። እንዲህም የሆነው የኢትዮጵያ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ሳያቋርጥ ስድስተኛ ጳጉሜን ሲጨምር፣ የተሻሻለው የአውሮፓ አቆጣጠር ግን በ1900 ዓ.ም. ተጨማሪውን ቀን በመተዉ ነው። እንግዲህ ፀሐይ የወጣችበት ዕለት አንድ ሆኖ ሳለ፣ ስሙ ግን እንደ ቆጣሪው ይለያያል ማለት ነው። ዕጣ ፈንታን በቀን ቁጥር ላይ ለመመሥረት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ «በየትኛው አቆጣጠር?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ሁለት ታላላቅ ሰዎች በአንድ ቀን መወለዳቸውስ እንደ ተአምር የሚቆጠር ነውን? ለዚህ ጥያቄ ሒሳብ መልስ ይሰጣል። በአንድ ክፍል ውስጥ 23 ተማሪዎች አሉ እንበል። የዓመቱ ቀናት 365 ስለሆኑ፣ ከመካከላቸው ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ ሆነው መገኘታቸው እምብዛም የማይጠበቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱን ተማሪ ከሌላው ጋር እያጣመርን ብናነጻጽር 253 ጥንዶች እናገኛለን። ከእነዚህም ውስጥ ቢያንስ አንዱ ጥንድ የልደት ቀኑ አንድ ሆኖ የመገኘቱ ዕድል ከመቶ 50 በጥቂቱ ይበልጣል። የተማሪዎቹ ቁጥር 50 ሲሆን ጥንዶቹ 1,225 ይደርሳሉ፤ ዕድሉም ወደ ከመቶ 97 ከፍ ይላል። በዓለም ላይ የታወቁት ሙዚቀኞች ደግሞ ከ50 እጅግ ይበዛሉ። ስለዚህ በ20ኛው መቶ ዓመት ከታወቁት ዘፋኞች መካከል አሜሪካዊው ኤልቪስ ፕሬስሊ በ1935፣ የዌልስ ተወላጅ የሆነችው ሸርሊ ባሲ በ1937፣ እንግሊዛዊው ዴቪድ ቦዊ በ1947 ዓ.ም. ሦስቱም ጃንዋሪ 8 ቀን መወለዳቸው ሊያስገርመን አይገባም። ያልተለመደ የሚመስለው ነገር ብዙ ሰው ባለበት ዘንድ የተለመደ ይሆናል።

ይህን ከተረዳን ዘንድ ወደ ሁለቱ ደራሲዎች ሕይወት እንመለስ። የብራምስ አባት ኮንትራባስ የተባለውን ትልቅ ባለ አውታር መሣሪያ እየተጫወተ የሚኖር ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሙዚቀኛ ሲሆን፣ እናቱ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነበረች። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፒያኖ ተማረ፤ ገና በወጣትነቱም በሙያው ገንዘብ እያገኘ ቤተሰቡን ይረዳ ነበር። በ1853 ዓ.ም.፣ የ20 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ዝነኛውን የሙዚቃ ደራሲ ሮበርት ሹማንንና ፒያኖ በመጫወት እጅግ የታወቀችውን ሚስቱን ክላራን ተዋወቀ። ሹማን የወጣቱን ሥራ ከሰማ በኋላ ታላቅ ተስፋ የሚጣልበት ደራሲ መነሣቱን በአንድ የሙዚቃ መጽሔት ላይ ጽፎ ለሕዝብ አስታወቀ።

ይህ ምስጋና ለብራምስ ክብር ብቻ ሳይሆን ሸክምም ሆነበት። ከእርሱ ብዙ እንደሚጠበቅ ስለሚያውቅ ያልረካበትን ድርሰት እየቀደደና እያቃጠለ ያጠፋ ነበር። የመጀመሪያውን ሲምፎኒውን ጨርሶ ለሕዝብ ያቀረበው በ1876 ዓ.ም.፣ ዕድሜው 43 ዓመት ከሆነ በኋላ ነው። አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን በቪየና ሲያሳልፍ አራት ሲምፎኒዎችን፣ እንዲሁም የጀርመን የሙታን መታሰቢያ የተባለውን ታላቅ የመዘምራን ድርሰት አበረከተ።

የቻይኮቭስኪ አስተዳደግ ከዚህ የተለየ ነበር። አባቱ በቮትኪንስክ የሚገኘውን የብረት ማቅለጫ የሚያስተዳድር መሐንዲስ ስለ ነበር ቤተሰቡ በደኅና ኑሮ ይኖር ነበር። ወላጆቹ ልጁን በፒተርስበርግ ወደሚገኝ የሕግ ትምህርት ቤት ላኩት። በ14 ዓመቱ እናቱ በኮሌራ ስትሞትበት የደረሰበት ሐዘን ዕድሜውን ሙሉ አልተለየውም። ትምህርቱን ፈጽሞ በፍትሕ ሚኒስቴር ጸሐፊ ሆኖ ሠራ፤ ልቡ ግን ወደ ሙዚቃ ያዘነብል ስለ ነበር፣ በ1862 ዓ.ም. በፒተርስበርግ አዲስ በተከፈተው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። በማግሥቱ ዓመት የመንግሥት ሥራውን ተወ። ከ1866 ዓ.ም. ጀምሮም በሞስኮ የሙዚቃ መምህር ሆነ።

ናዴዝዳ ፎን ሜክ የተባለች ባለጸጋ መበለት ሥራውን በማድነቅ በዓመት 6,000 ሩብል እየሰጠች ለ13 ዓመት ያህል ረዳችው። ሁለቱ ከአንድ ሺህ በላይ ደብዳቤ ሲጻጻፉ ፊት ለፊት ተገናኝተው ላለመነጋገር ተስማምተው ነበር። ቻይኮቭስኪ ስድስት ሲምፎኒዎችን፣ በርካታ ኦፔራዎችን፣ ከዚህም ሌላ «የስዋን ሐይቅ» በሚል ስም የሚታወቀውን ጨምሮ ሦስት የባሌ ድርሰቶችን ትቶ አልፏል።

የሁለቱም የሥራ ጠባይ እንደ አስተዳደጋቸው የተለያየ ነበር። ብራምስ በሙዚቃው ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው የአሠራር ጥንካሬን ነው። አንዲት አጭር ዜማ ወስዶ፣ እያገላበጠና እያሰፋ፣ በመጨረሻ ታላቅ ሕንፃ ያቆምባታል። ኦፔራም ሆነ ባሌ ከቶ አልጻፈም። ቻይኮቭስኪ በበኩሉ ሐዘኑንና ደስታውን ሳይሸሽግ፣ ረዥምና ጆሮ የሚማርክ ዜማ እያፈለቀ በመድረክ ላይ የሚታይ ታሪክን ከሙዚቃ ጋር ያዋሕዳል። ልዩነታቸውን ለማየት የሚሻ ሰው በ1878 ዓ.ም. እያንዳንዳቸው ለቫዮሊንና ለኦርኬስትራ የጻፉትን ድርሰት ሊያወዳድር ይችላል። ሁለቱም ድርሰቶች የተጻፉት በአንድ ዓመት፣ ዲ ሜጀር በተባለው በአንድ ቅኝት፣ ለአንድ ዓይነት መሣሪያ ነው። ይሁንና የሚሰማቸው ሰው የአንዱን ከሌላው ለመለየት አይቸገርም። የአንድ እጅ ጣቶች እንኳ እኩል አይደሉም።

ቻይኮቭስኪ የብራምስን ሙዚቃ አይወድም ነበር። ቀዝቃዛና ደረቅ ሆኖ ይታየው ስለ ነበር በደብዳቤዎቹና በግል ማስታወሻው ላይ ብርቱ የነቀፌታ ቃል ጽፏል። እነዚህ ሰዎች ቢገናኙ ምን ይፈጠር ይሆን?

ግንኙነታቸው የሆነው ጃንዋሪ 1 ቀን 1888 ዓ.ም. በጀርመን አገር በላይፕዚግ ከተማ ነው። ለከተማው ሕዝብ ዕለቱ የአዲስ ዓመት በዓል ሲሆን፣ በእንግዳው በቻይኮቭስኪ አገር አቆጣጠር ግን ገና ዲሴምበር 20 ቀን 1887 ነበር። ቫዮሊን ተጫዋቹ አዶልፍ ብሮድስኪ ለምሳ ጋብዞት ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ብራምስ በፒያኖ ተቀምጦ ለፒያኖ፣ ለቫዮሊንና ለቼሎ የጻፈውን አዲስ ድርሰቱን ከባልደረቦቹ ጋር ሲለማመድ አገኘው። ብሮድስኪ የቻይኮቭስኪን የቫዮሊን ድርሰት በ1881 ዓ.ም. በቪየና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሰማ ሰው ነበር። ስለዚህ የሁለቱም ወዳጅ ነበር ማለት ይቻላል።

ልምምዱ ሲያበቃ ሁሉም የእንግዳውን አስተያየት ጠበቁ። ቻይኮቭስኪ ግን ድርሰቱ ደስ አላሰኘውም፤ ያልተሰማውንም ምስጋና መናገር አልፈለገም። ስለዚህ ዝም አለ። ዝምታው ቤቱን ሲያስጨንቅ የኖርዌው የሙዚቃ ደራሲ ኤድቫርድ ግሪግ ከሚስቱ ከኒና ጋር ደረሰና ጨዋታው ሞቀ። በማዕድም ላይ ኒና በሁለቱ መካከል ተቀምጣ ሳለ በመጨነቋ ከቦታዋ ተነሣች፤ ባልዋም በቀልድ ድፍረቱ ያለው እርሱ መሆኑን ገልጾ በቦታዋ ተተካ። ያ የውጥረት ሰዓት በዚህ ዓይነት በሳቅ አለፈ። ቻይኮቭስኪ ስለዚያ ጉዞው በኋላ በጻፈው ጽሑፍ፣ የብራምስ ሙዚቃ ልቡን ባይነካውም፣ ሰውየው ትሑትና ተግባቢ መሆኑን፣ በሥራውም ለታይታ የማይሯሯጥ ቁም ነገረኛ መሆኑን መስክሯል።

በማግሥቱ ዓመት፣ በማርች 1889፣ ቻይኮቭስኪ አምስተኛ ሲምፎኒውን ለማሰማት የብራምስ የትውልድ ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ሃምቡርግ ሄደ። ብራምስ ከከተማዋ ሊነሣ ሲል ይህን ሲሰማ፣ ልምምዱን ለማዳመጥ ብቻ ጉዞውን በአንድ ቀን አዘገየ። ከልምምዱ በኋላ አብረው ምሳ ሲበሉም ሲምፎኒው በጠቅላላው ደስ እንዳሰኘው፣ የመጨረሻው ክፍል ግን እንዳላረካው ሳይደብቅ ነገረው። ቻይኮቭስኪም በዚህ ተቀይሞ አልሄደም። እንዲያውም ወደ ሩሲያ መጥቶ ሥራውን እንዲያቀርብ ብራምስን ጋበዘው፤ ጉዞው ግን ሳይሆን ቀረ። ቻይኮቭስኪ በ1893፣ ብራምስ በ1897 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮች እንረዳለን። አንደኛው፣ የልደት ቀን የሰውን ጠባይም ሆነ ሥራ የማይወስን መሆኑ ነው። ብራምስን ብራምስ፣ ቻይኮቭስኪን ቻይኮቭስኪ ያደረጋቸው አስተዳደጋቸው፣ ትምህርታቸው፣ የደረሰባቸው ደስታና ሐዘን፣ ከሁሉም በላይ ለዓመታት የደከሙበት ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ በሐሳብ መለያየት መጠላላት ማለት አለመሆኑ ነው። አንዱ ያላመነበትን ምስጋና ከመናገር ዝም አለ፤ ሌላው ያልወደደውን ፊት ለፊት ተናገረ። ሆኖም አንዱ የሌላውን ሥራ ለመስማት ጊዜውን ሰጠ፤ አብረውም ማዕድ ቆረሱ።

እናንተም የክፍል ጓደኞቻችሁን የልደት ቀን ጠይቃችሁ መዝግቡ። ከሁለት አንዱ ከሌላው ጋር በአንድ ቀን የተወለደ ሆኖ ሳታገኙ አትቀሩም። ያን ጊዜ የሁለቱን ኮከብ ለማወቅ ከመሞከር ይልቅ፣ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚወዱና ምን መሥራት እንደሚችሉ ጠይቁ። መልሱ የተለያየ መሆኑን ታያላችሁ።